በደቂቃ ስምንት ጠብታ

ቀኔ አለፈ፤ በአስር ቀን። ምጡ በሩን ሳያንኳኳ ቀረ፣
ጓዜን አስሬ ጠበቅሁት፤ ሌላ ቤት አደረ።
ሆዴ እስከ አፉ ሞልቷል፣ እንደ ጣና በመስከረም፣
ሞልቶ ግን አይፈስም።

ሲስተር ባንቺአየሁ ወረቀት ይዛ መጣች፣
መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አነበበች፦
«የፊተኛው ስፌት አለ። ብርቅ ነው፤ ግን ይሆናል፤
ከመቶ አንዷ ላይ ማህፀኑ ይተረተራል።
ክኒኑ ላንቺ አይሆንም። መድኃኒቱን በጠብታ፣
በስሱ፣ እያየን፣ ከማለዳ እስከ ማታ።»
ፈረምሁ። ብዕሩ ጣቴ ላይ ተፋ።

የፊተኛዋን ልጄን፣ ሶስናን፣ ስትወጣ አላየሁም፤
ከአረንጓዴው መጋረጃ ወዲያ፣ ከወገቤ በታች፣ እኔ አልነበርሁም።
የመቀስ ድምፅ ሰማሁ፤ ሐኪሞቹ ስለ ኳስ ያወራሉ፤
ከዚያ አንድ ጩኸት። «ያንቺ ናት» አሉ።
አመንሁ። ምን ይባላል።
ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገብቶ ሲወጣ
አክስቴ ሙሉነሽ ከበሩ ጥግ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልትቀጣ፦
«ሳታምጥ ከምኑ ማረቻት?» አለች ለሌላዋ፣ በምሥጢር።
ግድግዳው ስስ ነበር።

በመጀመሪያ ፊኛ ነው። ሳቅሁ፤ የልደት መስሎኝ።
ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ በውኃ የሚነፋ፣ ከውስጥ ገፍቶ የሚከፍተኝ።
ሌሊቱን አብሮኝ ተኛ፤ ሊነጋ ሲል ወደቀ፤
«ሦስት ሴንቲ» አለች ሲስተር፤ ፊቷ ደመቀ።

ከዚያ ጠብታው። በደቂቃ ስምንት።
ባሌ ይታይህ ከግርጌዬ ቆሞ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥራል፤
ልማዱ ነው፤ ጨረጨራ ላይ የጣናን በር ይጠብቃል፣
ሲታዘዝ ከፍቶ ሲታዘዝ ይዘጋል።
«አንዴ የተጠገነ በር» ይላል ለጎን አልጋዋ ሴት ባል፣ «በአንዴ አይከፈትም፤
ስንዝር ትሰጠዋለህ፣ ታዳምጠዋለህ፤ ካልጮኸ ትጨምራለህ። ውኃ ችኮላ አይወድም።»
ስለ እኔ መሆኑን አላወቀም።
ወይ አውቆ ነው።

አስራ ስድስት።
ከሐይቁ ነፋስ መጣ፤ በመስኮቱ ዘንባባው ተንጫጫ፣
የደቅ ጀልባ ጡሩምባ ነፋ። ወገቤን አንድ ነገር ጨብጦ አፍጫጫ።
ምጥ ነው። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለ ዕዳ።

ሃያ አራት።
እናቴ ደወለች። አምስታችንንም በጓዳዋ የወለደች፤
ፊኛውን፣ ጠብታውን፣ ቁጥሩን ስነግራት ዝም ብላ ቆየች።
«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለች በመጨረሻ፣
«ስድብ ይመስለኝ ነበር። ንገሪኝ እስቲ፣ እስከ መድረሻ።»

ሠላሳ ሁለት።
ምጡ በመጣ ቁጥር እጄ ወደ ጠባሳው ይወርዳል።
ስማኝ፣ አንተ፦ አምስት ዓመት በመስታወት አላየሁህም፤
በቀሚስ ሸፍኜህ፣ በሰው ወሬ አፍሬብህ፤ አልክድም።
ዛሬ ግን ያዝልኝ። አደራ።
ሶስና ወደዚህ ዓለም የገባችው ባንተ ደጅ ነው፤
እኔን እናት ያሰኘኝ ያ ቀጭን ክርህ ነው።

በማሽኑ የሚጋልበው ልብ፣ ድንገት፣ ዘገየ።
ክፍሉ ጸጥ። ባንቺአየሁ በግራ ጎኔ አዞረችኝ፤ ይታይህ ወደ ግድግዳው አየ።
«ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘጋጅ» አለ ዶክተሩ ለአንዱ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ተመለሰ ግልቢያው፤ ተመለሰ ወደ መንገዱ።

ሲመሽ ሲስተር ጠብታውን ራሷ ዘጋች፤
«ከእንግዲህ ያንቺው ነው» ብላ ጓንቷን ቀየረች።
እውነት ነው፤ አላስፈለገም ገፊ፤
ማንም ያላዘዘው ከእግሬ ጥፍር ተነሣ፣ ሰፊ።

«ይታይህ» አልሁ፣ «ስንት ደረሰ ቁጥሩ?»
ሰዓቱ ኪሱ ውስጥ ነው። እንባው በአገጩ ዳር ዳሩ።
«ትቼዋለሁ» አለ። «ከበሩ ወዲህ ጣና፣ ከበሩ ወዲያ ዓባይ ነው፤
አስራ አንድ ዓመት ቆሜበታለሁ፤
መጀመሪያ ዓባይ የተባለችው
የትኛዋ ጠብታ እንደሆነች አይቼ አላውቅም።»

«ጭንቅላቱ ታየ» አለች ባንቺአየሁ።